ጦርነት ሳለ መደራደር፣ መብራትና ውኃን ለግል መስጠት፦ አቋም ከመያዝ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ፓርቲዎች ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎችን በአንድ ጥቅል አስረው ያቀርባሉ። «ጦርነቱ በድርድር ይብቃ» የሚል ሰው መብራትና ውኃም በመንግሥት እጅ ይቆዩ እንዲል ይጠበቅበታል። «ጠላት ሳይንበረከክ ድርድር የለም» የሚለው ደግሞ ተቋማቱ ወደ ግል ይዛወሩ ቢል የሚደነቅ የለም። ሁለቱ ነገሮች ግን አብረው አልተወለዱም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን አቋቁሞ በመንግሥት ተቋም በኩል ኤሌክትሪክ ለገጠር ያዳረሰ ፕሬዚዳንት ነው። ያው ሰው በጥር 1943 ካዛብላንካ ላይ ከቸርችል ጋር ተቀምጦ፣ ጠላት ያለ ቅድመ ሁኔታ እጁን ካልሰጠ በቀር ሌላ መጨረሻ እንደማይቀበል አስታወቀ። (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አንዱን የመረጠ ሰው ሌላውን የመምረጥ ዕዳ የለበትም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው። ሁለቱም በፊርማ ያለቁ ይመስላሉ። መሪዎች ይጨባበጣሉ፣ ሰነድ ይለዋወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። አቋም ለመያዝ የሚፈልግ ዜጋ ግን ስለ ማግስቱ ይጠይቅ። የተፈረመውን ማን ያስፈጽማል? ነገሩ ቢበላሽ ወደ ኋላ ለመመለስ ምን ያህል ያስከፍላል? በእኔ ግምት ከርዕዮተ ዓለም ክርክሩ ይልቅ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ያስተምራሉ።

ጦርነት ሳለ፦ አራት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም እስከ ሙሉ ድል መዋጋት ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ጭፍን ግትርነት ይታያል፤ ከበስተጀርባው ግን ከባድ ምክንያት አለ። በኅዳር 1918 የጀርመን ጦር ተኩስ ያቆመው የሌሎችን አገር መሬት እንደያዘ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ጀርመናውያን «አልተሸነፍንም፣ ከጀርባችን ተወጋን» የሚለውን ተረት ለማመን አልተቸገሩም። የካዛብላንካው አቋም ይህ እንዳይደገም የታሰበ ነበር። ሆኖም አቋሙ የሚሠራው የማያጠራጥር የኃይል ብልጫ ላለው ወገን ብቻ ነው። ብልጫው በነበረበት በ1945 እንኳ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት በዙፋኑ እንዲቆይ ተደርጓል። «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የተባለው ነገር በመጨረሻው ሰዓት አንዲት ቅድመ ሁኔታ አላጣም።

ብልጫው ለሌለው ወገን የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ጥሩ መስተዋት ነው። ኢራን በግንቦት 1982 ኾራምሻህርን ካስመለሰች በኋላ ኢራቅ ተኩስ ለማቆም ፈቃደኛ ሆና ነበር። ቴህራን እምቢ ብላ ወደ ኢራቅ ግዛት ዘለቀች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሐምሌ 1987 ውሳኔ ቁጥር 598ን ሲያሳልፍም ወዲያው አልተቀበለችም። ተኩሱ የቆመው በነሐሴ 1988 ነው፤ ድንበሩም በመሠረቱ ከጦርነቱ በፊት በነበረበት ቦታ ቀረ። በ1982 ሊገኝ ይችል ከነበረው የተሻለ ነገር ሳይገኝ ስድስት ዓመት በደም ተከፈለ። «እስከ ድል» የሚል ፖለቲከኛ ካለ፣ ድሉ ባይመጣስ በየትኛው ወር ሐሳቡን እንደሚቀይር ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለተኛው አቋም እየተዋጉ መደራደር ነው። የኮርያ ድርድር የተጀመረው ሐምሌ 10 ቀን 1951 ኬሶንግ ውስጥ ሲሆን፣ ቆይቶ ወደ ፓንሙንጆም ተዛወረ። ፊርማው የተገኘው ሐምሌ 27 ቀን 1953 ነው። በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት የጦር ግንባሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ሞቱ ግን ቀጠለ። ትልቁ እንቅፋት የመሬት ጉዳይ አልነበረም። «ወደ አገራችን አንመለስም» የሚሉ ምርኮኞች በግድ ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚለው ነበር። ለዚህ አቋም ደጋፊም ተቃዋሚም ከዚሁ ታሪክ ማስረጃ ያገኛል። ደጋፊው መደራደር መዳከም እንዳልሆነ፣ ጦርነቱም በመጨረሻ እንደ ቆመ ያሳያል። ተቃዋሚው ጠረጴዛው ራሱ ሌላ ግንባር ይሆናል፣ እያንዳንዷ ኮረብታ የመደራደሪያ ዋጋ ለማውጣት ደም ይፈስባታል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ወደ ደጋፊው አደላለሁ፤ ያለ ጠረጴዛ የሚዋጉትም ለኮረብታ መሞታቸው አልቀረም።

ሦስተኛው አቋም «መጀመሪያ ተኩስ ይቁም፣ ሌላው በኋላ» ይላል። ከሁሉ ይልቅ ሰብአዊ ነው፤ ሲከሽፍም ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው እርሱ ነው። እዚህ ላይ የማግስቱ ጥያቄ ሙሉ ጉልበቱን ያሳያል። ሁለት ስምምነቶችን እናወዳድር።

ጥር 27 ቀን 1973 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የቬትናም ስምምነት የሰሜን ቬትናም ወታደሮች ደቡብ ውስጥ ባሉበት እንዲቆዩ ተወው። የሚቆጣጠረው ከካናዳ፣ ከሃንጋሪ፣ ከኢንዶኔዥያና ከፖላንድ የተውጣጣ ኮሚሽን ነበር፤ ውሳኔውም የሁሉንም ድምፅ ይሻል። ካናዳ ወራት ቆይታ ተስፋ ቆርጣ ወጣች። እውነተኛው ዋስትና የአንድ አሜሪካዊ ፕሬዚዳንት ቃል ብቻ ነበር፤ እርሱም ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ኮንግረሱም ገንዘቡን ቀነሰ። ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ሳይጎን ወደቀች።

በታኅሣሥ 1995 የተፈረመው የቦስኒያው የዴይተን ስምምነት በአንጻሩ ወደ 60,000 የሚጠጋ በኔቶ የሚመራ ጦር ተከትሎት ገባ። ተኩሱ ቆመ፣ እንደገናም አልተነሣም። ዋጋው ግን ሌላ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የዚያ ስምምነት አባሪ ሆኖ ተጻፈ፤ ሥልጣንን በጎሣ የሚያከፋፍለው ያ ሰነድ ዛሬም አልተነቀለም። ጠንካራ አስፈጻሚ ያለው ስምምነት ይጸናል፤ ስሕተቱም አብሮት ይጸናል።

አራተኛው በጣም ጠባብ ነገር ላይ ብቻ መስማማት ነው፦ ምርኮኛ መለዋወጥ፣ እህል ማሳለፍ፣ የኃይል ማመንጫን ከዒላማ ማውጣት። በሐምሌ 2022 ኢስታንቡል ውስጥ በቱርክና በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት የተደረሰው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ከዩክሬን ወደቦች ወደ 33 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እህል እንዲወጣ አስችሏል። መርከቦቹን የሚፈትሽ የጋራ ማዕከል ነበረው፤ ስምምነቱም በአጭር አጭር ጊዜ የሚታደስ ነበር። ሩሲያ በሐምሌ 2023 አላድስም ስትል ፈረሰ። ሰላም አላመጣም፤ አመጣለሁም አላለም። ይህን አቋም የሚንቁት «ጦርነቱን ያራዝማል» ይላሉ። እህሉ ባይወጣ ጦርነቱ ያጥር እንደነበር ግን አላሳዩም።

ሙኒክን ሳላነሣ ባልፍ ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። በመስከረም 1938 ለሂትለር የቼኮስሎቫኪያን ቁራጭ ሰጥቶ ሰላም መግዛት ከሽፏል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ማንኛውንም ድርድር «ሌላ ሙኒክ» እያሉ መጥራት የአንድን ውድቀት ትዝታ ለሁሉም ጦርነት መድኃኒት ማድረግ ነው። ሙኒክ የከሸፈው ስለተደራደሩ ብቻ አይደለም። ቼኮስሎቫኪያ ራሷ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም፤ ከፊርማው ማግስትም የቀረውን ግዛቷን የሚጠብቅ ኃይል አልተመደበም።

መብራትና ውኃ፦ ከመሸጥ በፊት ያሉ ደረጃዎች

ስልክን ቶሎ እንለፈው። የሞባይል ኩባንያ ያልተመቸው ደንበኛ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስለዚህ ክርክሩ ከሞላ ጎደል አልቋል። ኤሌክትሪክ መካከለኛ ነው። ብዙ አመንጪዎች ሊወዳደሩ ይችላሉ፤ የማስተላለፊያው መስመር ግን አንድ ነው። ውድድሩም ደንቡ ከተበላሸ አደገኛ እንደሚሆን ካሊፎርኒያ በ2000 እና በ2001 አሳይታለች። የጅምላው ዋጋ ተለቅቆ የችርቻሮው ታሰረ፤ ነጋዴዎች በገበያው ተጫወቱበት፤ ትልቁ አከፋፋይ በሚያዝያ 2001 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በሌላ ጫፍ ኔብራስካ ኤሌክትሪኳን በሙሉ በሕዝብ ይዞታ ሥር አድርጋ የምትኖር ብቸኛዋ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ ነዋሪዎቿም ሶሻሊስት በመሆን አይታወቁም።

እውነተኛው ፈተና ውኃ ነው። በአንድ መንገድ ሥር ሁለተኛ ቧንቧ የሚቀብር ተወዳዳሪ አይመጣም። ደንበኛው መሄጃ የለውም።

ሙሉ ሽያጭን ለማየት እንግሊዝንና ዌልስን መውሰድ ነው። በ1989 አሥር የውኃ ባለሥልጣናት ወደ ግል ሲዛወሩ መንግሥት ዕዳቸውን ሰርዞላቸው፣ በላዩም ገንዘብ ጨምሮላቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለማጣሪያና ለቧንቧ የዋለው ገንዘብ ጨምሯል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። በኋላ ግን አንዳንድ ባለቤቶች ኩባንያዎቹን በብድር ሞልተው የትርፍ ድርሻ ማውጣትን ተለማመዱ። ከዕዳ ነጻ ሆኖ የጀመረው ዘርፍ ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸከመ። አሁን ወደ ኋላ እንመለስ የሚል መንግሥት ቢመጣ ፈቃዱን በመደበኛው መንገድ ለማቋረጥ የ25 ዓመት ቅድሚያ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ሃያ አምስት ዓመት! የፈረሙትም የሚያቋርጡትም በአንድ ትውልድ ውስጥ አይገናኙም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ዌልስ ሌላ መውጫ አገኘች፤ በ2001 ባለአክሲዮን የሌለው ኩባንያ ውኃዋን ተረክቦ፣ የሚተርፈውን ወደ አገልግሎቱ እንዲመልስ ተደረገ። ሁሉን ችግር አልፈታም፤ ለትርፍ ድርሻ ሲባል መበደርን ግን አስቀርቷል።

ኮንሴሽን ሁለተኛው ደረጃ ነው። ንብረቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆያል፣ ኩባንያው ለረጅም ዓመት ያስተዳድራል፣ ለማስፋፋትም ገንዘብ ያወጣል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ምሳሌ ቡዌኖስ አይረስ ነው፤ ሁለቱም ወገን አሸነፍሁ የሚልበት ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። በ1993 የ30 ዓመት ኮንሴሽን ተሰጠ። መስመሩ ሰፋ፣ ድሆች ሰፈሮችም ውኃ አገኙ። በአርጀንቲና የተካሄደ የታወቀ ጥናት ውኃቸው ወደ ግል በተዛወረባቸው አካባቢዎች የሕፃናት ሞት በአማካይ በ8 በመቶ፣ በጣም ደሃ በሆኑት ደግሞ ከዚያ እጅግ በበለጠ መቀነሱን አሳይቷል። «ግል ሁሉ ዘራፊ ነው» የሚል ሰው ይህን ማስረጃ ሳይመልስ ማለፍ የለበትም።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። አገሪቱ አንድ ፔሶን ከአንድ ዶላር ጋር አስራ ነበር፤ ኩባንያው በዶላር ተበድሮ በፔሶ ይሰበስባል። በ2002 መጀመሪያ ፔሶው ሲወድቅ መንግሥት ታሪፉን አገደው። ኩባንያው ይጨመርልኝ አለ፤ መንግሥት የማይሆን ነው አለ። ውሉ በ2006 ተቋረጠ፤ በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች አርጀንቲና 405 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰኑ። ኮንሴሽኑ የወደቀው ኩባንያው ክፉ ስለሆነ ወይም መንግሥት ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የገንዘብ ምንዛሪ ቢናጋ ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ለማንም በማይሆን መንገድ ተጽፎ ስለነበር ነው።

ኮቻባምባ አጠር ይላል። የቦሊቪያዋ ከተማ ውኃ በ1999 ለግል ተሰጠ፤ ታሪፉ ናረ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ውሉ በሚያዝያ 2000 ተሰረዘ። ድሉ በዓለም ዙሪያ ተዘፈነለት። ከዓመታት በኋላ ግን በከተማዋ ደቡብ ያሉ ብዙ ደሃ ነዋሪዎች አሁንም ከቦቴ ውኃ ይገዙ ነበር። ባለቤት መቀየር ቧንቧ አይቀብርም።

ሦስተኛው ደረጃ በኪራይ መልክ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ በክርክሩ ውስጥ የሚገባውን ያህል አይነሣም። ሴኔጋል በ1996 የውኃውን መሠረተ ልማት በመንግሥት ኩባንያ ስም አስቀርታ፣ ማከፋፈሉንና ሒሳብ መሰብሰቡን ለግል ኩባንያ ሰጠች። በ2020 አከፋፋዩን በሌላ ስትተካው ቧንቧው የማን ነው የሚል ክርክር አልተነሣም፤ ድሮውንም የእርሷ ነበርና። ኩባንያው ትልቅ ኢንቨስትመንት ይዞ አይመጣም፤ ይህ ድክመቱ ነው። መለያየቱ ግን አገር አያናጋም።

የመንግሥት ይዞታስ? እዚህ ላይ ደጋፊዎቹ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ያታልላሉ። ተቋሙ የሕዝብ ነው ማለት ሕዝቡ ያዝዝበታል ማለት አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አስተሳሰብ የገባበት የውኃ መሥሪያ ቤት ከማንኛውም ባለአክሲዮን ያላነሰ ይመጠምጣል፤ ሒሳቡ ደግሞ የትም አይታተምም። ግን የፕኖም ፔን ታሪክ አለ። በ1993 ካምቦዲያ ከጦርነት ገና እየወጣች ሳለ ኤክ ሶን ቻን የከተማዋን የውኃ ባለሥልጣን ተረከቡ። ከሚመረተው ውኃ 72 በመቶው በፍሳሽና በስርቆት ይጠፋ ነበር። ለሁሉም ቆጣሪ ገባ፣ የማይከፍሉ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ሳይቀሩ እንዲከፍሉ ተደረገ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከውጤት ጋር ተያያዘ። በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ ውኃውም ሃያ አራት ሰዓት ይመጣ ጀመር። ተቋሙ መንግሥት ራሱ በሰጠው ነጻነት ሠርቷል፤ ታሪፉም ወጪውን እንዲሸፍን ተደርጓል። ያለ እነዚህ ሁለት ነገሮች «በሕዝብ ይዞታ ይቆይ» የሚለው መፈክር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ሲገናኙ

ሰላም ባለበት ጊዜ የባለቤትነት ጥያቄ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። ጦርነት ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። ጀርመን ውስጥ ትልቁ የጋዝ ማከማቻ፣ ሬደን፣ በሩሲያው የመንግሥት ጋዝ ድርጅት፣ በጋዝፕሮም፣ ሥር ባለ ኩባንያ እጅ ነበር። ዩክሬን ከመወረሯ በፊት በነበረው ክረምት መግቢያ ማከማቻው ባዶ ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ ነበር። በሚያዝያ 2022 የጀርመን መንግሥት ኩባንያውን በሞግዚትነት ያዘ፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ወረሰው። የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ የከሰረውን ጋዝ አስመጪ ኩባንያ፣ ዩኒፐርንም፣ 99 በመቶ ገዛ። ይህን ያደረገው ለግል ገበያ ጥላቻ የሌለው መንግሥት ነው። ለዓመታት «ርካሽ ጋዝ ነው፣ ንግድ ብቻ ነው» ሲባል የነበረው ውል፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ባልተጠየቀበት ቦታ የዲፕሎማሲ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

ተቃራኒውም አለ፤ እዚያው ጦርነት ውስጥ። በ2019 መጨረሻ የተፈረመው የአምስት ዓመት ውል የሩሲያን ጋዝ በዩክሬን ምድር አሳልፎ ወደ አውሮፓ ማድረሱን እስከ 2024 መጨረሻ ቀጠለ። ሁለቱ አገሮች እየተታኮሱ አንዱ ለሌላው የማስተላለፊያ ኪራይ ይከፍል ነበር። ሕንድና ፓኪስታን በዓለም ባንክ አደራዳሪነት በ1960 የተፈራረሙት የኢንዱስ ወንዝ ውል የ1965ን፣ የ1971ንና የ1999ን ውጊያዎች ተሻግሯል፤ ሕንድ ያገደችው በሚያዝያ 2025 ነው። በቆጵሮስ ደግሞ ለሁለት የተከፈለችው የኒቆሲያ የሁለቱ ወገን ከንቲባዎች፣ ሌሎስ ዴሜትሪያዴስና ሙስጣፋ አኪንጂ፣ ፖለቲከኞቹ በምንም ሳይስማሙ በጋራ የፍሳሽ መስመር ላይ ተስማሙ። ፍሳሽ የጦር ግንባር አያውቅም፤ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል። ጠባብ ስምምነትን የምደግፈው በእነዚህ ምክንያት ነው። ውኃና ጋዝ ለሁለቱም ጠላቶች የየቀን ጥቅም ስላላቸው፣ ውሉን ማክበር ውለታ ሳይሆን ስሌት ይሆናል።

እኔ ብመርጥ

የጦር ብልጫ ከሌለ ጠረጴዛውን ዘግቶ መዋጋትን አልመርጥም። ተኩስ ማቆምን ሳይሆን የሚቆጣጠረው አካል የታወቀበትን ተኩስ ማቆም እደግፋለሁ፤ ያ እስኪገኝ በጠባብ ነገሮች ላይ መስማማት ይበቃኛል። በውኃና በማስተላለፊያ መስመር ላይ፣ ታሪፍን ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት የሚወስን ጠንካራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሌለበት ቦታ ሙሉ ሽያጭን እቃወማለሁ። ኪራዩ ሊሞከር ይችላል። መንግሥት ራሱ ይያዘው የሚል ወገን ደግሞ የኦዲት ሪፖርቱ በየዓመቱ ለሕዝብ እንደሚወጣ ይማልልኝ።

ጦርነት ሳለ የሕዝብ አገልግሎትን ለረጅም ዘመን መሸጥን ግን በየትኛውም ሁኔታ አልቀበልም። ገንዘብ የቸገረው ሻጭ ዋጋ አይከራከርም፤ ምስጢርነቱም በጸጥታ ስም ይሸፈናል። መውረስ የግድ ከሆነ አሜሪካ በ1917 ያደረገችው ይሻላል። በታኅሣሥ ወር የባቡር ሐዲዶችን ለጦርነቱ ያዘች፤ ቆይታ ያወጣችው ሕግ ለባለቤቶቹ ካሳ፣ ለመመለሻውም የጊዜ ገደብ አስቀመጠ፤ በመጋቢት 1920 መለሰቻቸው።

ለእጩ ተወዳዳሪ የሚቀርበው ጥያቄ ረጅም መሆን የለበትም፦ የማቋረጫው አንቀጽ የት ነው? «የንግድ ምስጢር ነው» ካሉ የበርሊን ነዋሪዎች መንገድ አለ። ከተማዋ በ1999 የውኃ ኩባንያዋን 49.9 በመቶ ድርሻ ስትሸጥ ለገዢዎቹ ትርፍ የሚያረጋግጥ ውል ፈርማ ደብቃው ነበር። በየካቲት 2011 ከ660,000 በላይ ሰዎች በሕዝበ ውሳኔ «ውሉ ይታተም» ብለው ድምፅ ሰጡ። ከተማዋ እስከ 2013 ድርሻውን መልሳ ገዛች፤ የከፈለችውም ወደ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ነው።